ገመድ አልባዋ መኪና ሮቤ አደረች

ቅዳሜ ማለዳ ከሻሸመኔ ስነሳ ባትሪዬ ሙሉ ነበር፤ ኩራቴም እንደዚያው። ጉዳዬ አጭር ነው፦ የኤሌክትሪክ መኪናን ያለ ገመድ ቻርጅ የሚያደርግ ንጣፍ ለሮቤና ለጎባ ሆቴሎች ማሳየት። ንጣፉ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ መኪናዋ በላዩ ትቆማለች፣ በቃ። ከአንድ አስመጪ ወዳጄ የተዋስኩት ነው።

ዶዶላ ፉል በልቼ ሽቅቡን ተያያዝኩት። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘኖች መንገድ ዳር ይግጣሉ። ብርዱ ስላላስቻለኝ የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩ፤ ሮቤ ስደርስ ባትሪው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

ያረፍኩት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጀማል ቤት ነው። አባቱ ሐጂ ከድር አስም ስላለባቸው ሳሎን ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«በገ ነጋን ዱፍቴ፣ እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። ያለ ገመድ ትበላለች የተባለችው ይቺ ናት?»

«አዎ ሐጂ፣ ቆማ ትጠግባለች» አልኩ።

ከንጣፉ እስከ ሳሎኑ ሶኬት የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ግን ጎረቤት እንዳያየው ምንጣፍ አለበስኩት። ስሰካው መብራት ጠፋ። ጀማል ብሬከሩን መልሶ «ምንም አይደል» አለኝ። ሌሊት ሐጂ ሲያስሉ ሰማሁ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ።

እሑድ ጠዋት

ሰነቴ አምባ ላይ ወጥቼ መኪናዋን ቪዲዮ ልቀርጻት ነበር። ሳሎን ስገባ ማሞቂያው ተነቅሏል፤ ሐጂ ብርድ ልብስ ደራርበው ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

«ተበላሸ እንዴ?» አልኩት ጀማልን።

መሬት መሬቱን አየ። «መስመሩ ሁለቱን አይችልም። አባዬ ‹እንግዳው መንገደኛ ነው፣ የኔን ንቀሉት፣ እንዳትነግሩት› አሉ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰነቴው ቀረና ሐጂን ፊት ወንበር አስቀምጬ ጎባ ሆስፒታል ይዣቸው በረርኩ። የመኪናዋን ማሞቂያ ከፈትኩላቸው። እጃቸውን ዘረጉበት።

«መኪናህ እንዴት ትሞቃለች ልጄ» አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «አላህ ይባርክልህ።»

ሙቀቱ ግን ከሳሎናቸው የተወሰደ የራሳቸው ነበር።

መድኃኒት ተሰጥቷቸው ከሰዓት በኋላ ተሻላቸው። ሰኞ እሳቸው ግቢ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ቻርጅ አድርጌ ተመለስኩ። አንድም ሆቴል አላየሁም።

ንጣፉን ልመልስ አዲስ አበባ ስገባ አስመጪው ወዳጄ «ያለ ገመድ መሆኑ ገረማቸው?» አለኝ። ገመዱን ምንጣፍ ስር መደበቄን ነገርኩት። ከእንግዲህ ሰው ቤት ሶኬት ከመለመኔ በፊት ምን ሊነቀል እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሐጂ ግን ብጠይቃቸውም አይነግሩኝም ነበር። ያን ሌሊት ሲያስሉ ግን በጆሮዬ ሰምቼ ነበር እኮ።