አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ

መምህር ዳዲ አምቦ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቹ ከሁሉ አስቀድመው በቃላቸው የሚይዙት አንድ ነገር ነበር፦ አንድ ኢንች ማለት ሃያ አምስት ነጥብ አራት ሚሊሜትር ነው። ይህን ያላወቀ ልጅ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ቆሞ ይማራል። የዳዲን ነገር ከዚህ መጀመር የሚያስፈልገው፣ በ1975 ዓ.ም. ያዋረደው ይኸው የገዛ ትምህርቱ ስለሆነ ነው።

ያኔ መኪና ነበረችው። አሮጌ፣ የእንግሊዝ ሥሪት፣ ወደ አገሩ ከተመለሰ አንድ የውጭ መምህር የገዛት። ከባልደረቦቹ መኪና ያለው እሱ ብቻ ስለነበር ለቅሶም ሠርግም ሲሆን ሰው ጠቅጥቆ የሚሄደው እሱ ነው። መኪናዋ ስትታመም የሚያዩለት ደግሞ በጊንጪ መንገድ ዳር ጋራዥ ያላቸው አቶ ዓብዱልመጂድ ነበሩ። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። ከደቡብ አብረዋቸው የመጡት ወንድሞቻቸው ጨርቅ ሲነግዱ፣ እሳቸው ብቻ ብረት ወደዱ። የገጠር ደንበኞቻቸው ኦቦ መጂድ ይሏቸዋል።

ዳዲ የሽማግሌውን ሥራ ቆሞ ማየት ይወድ ነበር፤ አይቶ አይቶ ቀላል መሰለው።

"ዘይት መቀየር ማለት እኮ አንድ ብሎን ፈትቶ መልሶ ማሰር ነው" አላት ለሚስቱ ለዱሬቲ።

"ታዲያ እሳቸው ይህን ሁሉ ዘመን ምን ሲማሩ ኖሩ?" አለችው።

ክረምት ላይ ለስልጠና አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ መርካቶ ገብቶ አንድ ሳጥን የብሎን መፍቻ ቁልፍ ገዛ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ሳጥኗን እንያት፤ እውነትም የምታምር ናት። ቀይ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ውስጧ እንደ አዲስ ማንኪያ የሚያበሩ አሥራ ሁለት ቁልፎች፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ በቁመታቸው ተሰልፈው። በአንዱ ጫፍ አፋቸው ክፍት ነው፤ በሌላው ቀለበት። ሻጩ "ለምን ዓይነት መኪና ነው?" ብሎት ነበር። ዳዲ "ለቤት መኪና" ብሎ ከፈለ።

የሻጩ ጥያቄ ግን መሣሪያ የሚገዛ ሰው ሁሉ ከዋጋም ከማማርም በፊት ሊመልሰው የሚገባ ነው። ቁልፉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የሚይዘው ብሎን ራስ ከጎን እስከ ጎን ስንት እንደሆነ ይናገራል። የጣሊያኑና የጀርመኑ መኪና ብሎን በሚሊሜትር ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ያች የዳዲ አሮጌ እንግሊዝ ግን በኢንች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዳዲ መኪናዋን በክሪክ አነሣት፤ ከሥሯም ወፍራም ግንድ ደገፈላት። ክሪክ ብቻውን እንደማይታመን ከአቶ ዓብዱልመጂድ አይቷል። ሥሯ ገብቶ ተኛና የዘይቱን ብሎን አገኘ። አሥራ ሁለት ቁጥር አልገባም። አሥራ ሦስት ገባ፤ ነገር ግን ጥቂት ተወዛወዘ።

ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህች መወዛወዝ ውስጥ ነው። በልኩ የሆነ ቁልፍ የብሎኑን ጠፍጣፋ ጎን ይዞ ያዞራል። ትንሽ የሰፋ ቁልፍ ግን ጎኑን ትቶ ማዕዘኑን ብቻ ይነክሳል፤ ሲጠመዘዝም ማዕዘኑን ይላጨዋል። ዳዲ ደግሞ ብሎኑን ዙሪያውን በሚያቅፈው ቀለበት ፋንታ በክፍቱ አፍ ያዘው። ወደ ራሱ መሳብ ሲገባው ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋው። ቁልፉ አመለጠና ጣቶቹ ብረቱ ላይ ተላጡ።

ደግሞ ሞከረ፤ ሦስተኛም። የብሎኑ ራስ እየተላጨ እየተላጨ ክብ ሆነ። በፒንሳ ታገለው። በመጨረሻ መሮ ደግኖ በመዶሻ ይመታ ጀመር።

"መኪናዋ ምን አጥፍታ ነው?" አለች ዱሬቲ ከበሩ።

"ዝም በይ እስቲ፣ ሊፈታ ነው።"

ተፈታም። ዘይቱ ወረደ። ብሎኑን መልሶ ሊያስር ሲል ግን የሚጨበጥ ራስ አልቀረለትም። በጣቱ አዞረው፣ በፒንሳ ጠበቅ ለማድረግ ሞከረ፣ አዲስ ዘይት ሞላ። ጋራዡ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር። ሆኖም ከጥቂት ቀናት በፊት ፍሬን ሊያሠራ ሲሄድ ቀይዋን ሳጥን ይዞ ሄዶ፣ "ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም" ብሏቸው ነበር። ሽማግሌው ሳጥኗን አይተው አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እንኳ አላስጨረሳቸውም። አሁን በየትኛው ፊቱ ይሂድ?

ማክሰኞ ጠዋት የባልደረባቸው የመምህርት ቦጋለች አባት ጊንጪ ማረፋቸው ተሰማ። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው ተባለ። ዳይሬክተሩ አመዩ ከፊት፣ መምህርት ሸዋነሽና ሌሎች ሁለት ሰዎች ከኋላ ሆነው በዳዲ መኪና ተነሡ።

ግማሽ መንገድ ላይ ከመሪው ጀርባ ቀይ መብራት በራች። ዳዲ አያት። የዘይት መብራት መሆኗንም ያውቃል። ትጠፋለች ብሎ ትንሽ ነዳ። ሞተሩ መንኳኳት ሲጀምር ነው ያቆመው። ወርደው ሲያዩ ከኋላቸው አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ተዘርግቷል።

አመዩ ጎንበስ ብሎ ከሥር ተመለከተ። "ይህችን መኪና ማነው የነካት?"

እውነቱ ዳዲ አፍ ውስጥ ነበር። የወጣው ግን ሌላ እውነት ነው። "ባለፈው ሳምንት አቶ ዓብዱልመጂድ ጋ ነበረች" አለ።

"አርጅተዋላ" አለ አመዩ። "የትምህርት ቤቱን መኪና ለእሳቸው ልንሰጥ ነበር፤ እንኳን ቀድመን አየን።"

ዳዲ የተላጡ ጣቶቹን ኪሱ ከተተ።

አውቶቡሶቹ ሞልተው አለፉ። ሸዋነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መንገድ ዳር ቆማ ሰዓቷን ታያለች። በመጨረሻ እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረው ሲደርሱ ሰው ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ገብቷል። ቦጋለች ቀና ብላ አየቻቸውና "መንገድ መንገዱን ሳይ ነበር" ብቻ አለች።

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። ሐሙስ ዳዲ ሲሄድ አቶ ዓብዱልመጂድ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር።

"አካም ቡልቴ፣ ደኅና አደርክ፣ መምህር። ግባ፣ ሞተርህ ነክሶ ሊቆም ጥቂት ነው የቀረው፤ ተርፏል።" መዳፋቸውን ዘረጉ። ክቡ ብሎን አለበት። "ይኸውልህ። ብሎን ማን እንደነካው ይናገራል። ይህን የነካው ክፉ ሰው አይደለም። ቸኩሏል።"

ከዚያ አንድ ጥቅል ሸራ ፈቱ። ውስጡ ሰባት ቁልፎች ብቻ ናቸው፤ ከመያዝ ብዛት ቁጥራቸው ሊጠፋ የደረሰ። ሽማግሌው ስለ መሣሪያ ማስረዳት ሲጀምሩ ዕድሜያቸው ይቀንሳል።

"ለእንግሊዝ መኪና እነዚህ ሰባቱ ይበቃሉ። ብዙ አትግዛ፣ ልኩን ግዛ። መጀመሪያ ብሎኑን አጽዳ፤ ዝገትና ጭቃ ልክ ያሳስትሃል። ዛገ? ነጭ ጋዝ አጠጣውና ሻይህን ጠጥተህ ና። ከዚያ በቀለበቱ ያዝ። ካልተወዛወዘ ሳበው። ከተወዛወዘ ቁልፉን መልስ እንጂ ጉልበት አትጨምር። ካቻቢቴም እንደዚሁ ነው፤ ጫፉ ቀዳዳውን ካልሞላ አትጀምር። አፉ የሚሰፋና የሚጠበው እንግሊዝ ቁልፍ ደግሞ እንደ እንግዳ ነው፤ ቤተሰቡ ሲጠፋ ብቻ ይጠራል።" ብሎኑን አገላበጡት። "መምህር፣ ኢንች ስንት ሚሊሜትር ነው?"

"ሃያ አምስት ነጥብ አራት።"

"ግማሹስ?"

"አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት።"

"ይህ ግማሽ ኢንች ነበር። በአሥራ ሦስት ነው የፈቱት። ልዩነቱ ስንት ይሆናል?"

"ሦስት አሥረኛ" አለ ዳዲ።

"ከጥፍር ውፍረት ታንሳለች አይደል?" ሸራውን ጠቀለሉ። "ትናንት የትምህርት ቤታችሁ ሹፌር መጥቶ የትምህርት ቤቱን መኪና ሌላ ቦታ እንደሚወስዷት ነገረኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። አንተ ሰምተሃል?"

"አልሰማሁም" አለ ዳዲ።

መንገድ ላይ ለአመዩ ያለው በግማሽ እውነት ነበር፤ ይኸኛው ግን ምንም እውነት አልነበረውም።

ማታ ዱሬቲ እራት አቅርባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። "ገበያ ላይ ኦቦ መጂድ ብሎን ማሰር ረሱ እየተባለ ነው። አንተ ነህ ያልከው?"

"እንደዚያ አላልኩም።"

"ምን አልክ?"

ቃል በቃል ነገራት።

"የመዶሻውን ድምፅ የሰማሁት እኔ ነኝ" አለች። "ከኔ አፍ ከሚወጣ ካንተ ይውጣ።"

በማግስቱ በሻይ ሰዓት መምህራኑ በተቀመጡበት ዳዲ ቆመ። ሰሌዳ ፊት ለዓመታት የቆመ ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። ብሎኑን የፈታው እሱ መሆኑን፣ ቀይዋን መብራት አይቶ ማለፉን፣ መንገድ ላይ የተናገረው አቶ ዓብዱልመጂድን ለማስጠርጠር መሆኑን በቅደም ተከተል ተናገረ። የሳቀ የለም። ቢስቁ ይሻለው ነበር።

"ያን ያህል ሰዓት ፀሐይ ላይ ስንቆም ይህን ይዘህ ነው ዝም ያልከው?" አለችው ሸዋነሽ። "ለቦጋለችስ ማን ይንገርልህ?"

"እኔ እነግራታለሁ።"

አመዩ ሲኒውን አስቀመጠ። "እኔ ደግሞ ያንተን ይዤ ለስንቱ ሰው አወራሁ። ተነሥ፣ አብረን እንሂድ። አሁኑኑ።"

መንገዱን ሁሉ ሳይነጋገሩ ሄዱ። አቶ ዓብዱልመጂድ አንድ ጂፕ ሥር ገብተው ነበር፤ የሚታዩት እግሮቻቸው ብቻ ናቸው። የእግር ኮቴ ሰምተው እጃቸውን ዘረጉ። "ማነህ፣ ግማሽ ኢንቹን አቀብለኝ።"

ዳዲ ተንበርክኮ ሸራውን ፈታ። ሰባቱን ቁልፎች አየ፤ ሊጠፋ የደረሰውን ቁጥር በአውራ ጣቱ ዳብሶ አነበበ፤ ከሚያበሩት ወገን አንድም የለም። ቀለበቱን ወደ ፊት አድርጎ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። ከሥር ብሎን ሲላወስ ተሰማ።

"ልክ ነው። ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ዳዲ። ጓድ አመዩም አሉ።"

"ምነው፣ ደግሞ ምን ሆነች?"

"መኪናዋ ደኅና ናት" አለ። ፊታቸውን ሳያይ ቢናገር የሚቀለው መስሎት፣ ለእግሮቻቸው መናገር ጀመረ። ከሥር የቁልፉ ድምፅ ቆመ። ዳዲ ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተስበው ወጡ። ተቀመጡ፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ከዚያም ዓይን ዓይኑን አዩት።

"ብረቱ ሲንኳኳ አልሰማሁህም" አሉ፤ ብረት ግን አልተንኳኳም ነበር። "ከመጀመሪያው ጀምር።"