ወንድሜ ያቆመው ሰሊጥ

ነጋዴው ሰሊጥ ከጆንያ ሲገለብጥ ያ ሽርርታ ጆሮዬ ከገባ ቀኑን ሙሉ አይለቀኝም። መተማ የተማርኩበት የቆርቆሮ ክፍል፣ ግለቱ፣ የጠመኔው ሽታ ይመጣብኛል።

የአማርኛ መምህራችን የደጋ ሰው ነበር፤ ላቡን በእጅጌው ሲጠርግ ግንባሩን ጠመኔ ይቀባዋል። የታሪክን አካላት መነሻ፣ ግጭት፣ ጡዘት፣ ልቀት ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈልን። እኛ ፈዘን አየነው። ቢቸግረው በመስኮት እርሻውን አሳየን።

«ሰሊጥ አጭዳችሁ ነዶውን እንዲደርቅ አደጋግፋችሁ ሂላ ታቆሙ የለ? ደርቆ ሽፋኑ ሊከፈት ሲል ጡዘቱ ነው። ገልብጣችሁ ሸራ ላይ ስታራግፉት ልቀቱ፣ መቋጫው።»

ያኔ ገባን። የየራሳችንን ታሪክ ተናገሩ ሲለን እኔ የወንድሜን ተናገርኩ። ወንድሜ ማሳውን አጭዶ፣ ሂላውን አቁሞ፣ ሸራ ሊዋስ ሸሕዲ ከተማ እንደሄደ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ቀረ። ሰሊጡ ደርቆ ለማራገፍ ደረሰ። እናቴ ግን ማንም እንዳይነካው አለች።

«አንቺ ሴት፣ ፍሬው እኮ መሬት ለመሬት አለቀ» ይላል አባቴ።

«ያቆመው ልጄ አለ። መጥቶ ያራግፈው።»

ሽፋኑ ተከፈተ፤ ነፋስ አረገፈው። አባቴ አልተቆጣም። ማሳው ዳር ተቀምጦ ከረገፈው ላይ ወፍ ያባርር ነበር።

እዚህ ላይ አቆምኩ።

«ልቀቱስ?» አለኝ መምህሩ።

«ገና ነው፣ ጋሼ።»

ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ቁጭ በይ። ወንድምሽ ሲመጣ ትጨርሽልናለሽ» አለኝ። እንደሚመጣ እርግጠኛ ሆኖ ስለተናገረ በጣም ወደድኩት። ዛሬም እወደዋለሁ።

ደርግ ሲወድቅ በሱዳን ዞረው የተመለሱ ወታደሮች በእኛ መንገድ ይጎርፉ ጀመር፤ እግራቸው ያበጠ፣ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ። እናቴ እንስራ ሙሉ ውሃ ይዛ መንገድ ዳር ትውላለች። እኔ ጣሳ አቀብላለሁ። ለሚጠጣው ሁሉ የወንድሜን ስም ትጠራለታለች። ሁሉም አላውቀውም እያለ ያልፋል።

አንዱ ስሙን ሲሰማ ጣሳውን ከአፉ አወረደ።

«አብረን ነበርን፣ እናቴ» አለና አንገቱን ደፋ።

እኔ ወዲያው ገባኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ጠጣ ልጄ፣ ቀስ ብለህ ጠጣ» አለችው እናቴ።

ጠጥቶ ጨረሰ። ሊነግራት አፉን ሲከፍት ጣሳውን ከእጁ ተቀብላ እንደገና ሞላችለት።