የቦኬሌ ድምፅና ልብስ ሰፊው ኢሌንጋ

ይህን ነገር መጀመሪያ የነገረችኝ ማማ ቦሉምቡ ናት፣ የሟቹ የቦኬሌ እህት። እሷ የነገረችኝ ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ኢሌንጋ ባለበት ባንድ ውስጥ ከበሮ የምመታው እኔ ነበርኩና። ኪንሻሳ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ከበሮ መቺ አለ የሚል ካለ ይምጣና ይግጠመኝ። የሚችሉት ሞተዋል፣ የቀሩትን ደግሞ እጃቸውን ያማቸዋል።

ኢሌንጋ ልብስ ሰፊ ነው። ንጊሪ-ንጊሪ ሰፈር፣ ማንጎው ዛፍ ስር፣ በእግር የምትሠራ የስፌት መኪና አለችው። አዘቦቱን የሴቶች ቀሚስ ይሰፋል፣ ቅዳሜና እሁድ ከእኛ ጋር ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ቀጭን ሰው ነው። ከከንፈሩ መርፌ አይጠፋም፤ ሲስቅ እንኳ በአንድ ጎን ነው የሚስቀው። አንዴ መርፌ ውጧል ብለው ሐኪም ቤት ወስደውት መርፌዋ ኮሌታው ላይ ተሰክታ ተገኘች። እሱን ሌላ ቀን፣ አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ።

ኢሌንጋ ከሰው ሁሉ የሚያደንቀው በሌላ ባንድ ቤዝ የሚጫወተውን ቦኬሌን ነበር። ቦኬሌ ቤዙን ሲነካ፣ የበሰለ ማንጎ አሸዋ ላይ እንደወደቀ ነው። ዱም! ይላል፣ በቃ። አይጮህም፣ አይጎተትም። ወገብህ ሳያማክርህ ይነሳል።

ቦኬሌ ሞተ። ዓመት ሲሞላው ሚስቱ ማማ ኤየንጋ ጥቁሯን የምታወልቅበት ቀን ደረሰ። በእኛ ዘንድ ያ ቀን ያለ ዘፈን አይሆንም። ባንዳችንን ጠራችና፣

«ስሙኝ» አለች። «በባሌ ቀን ቤዙ እንደ ባሌ ካልተመታ ማንም እንዳይጫወት። ዝም ብዬ አወልቃለሁ፣ እናንተም ሩዛችሁን በልታችሁ ትሄዳላችሁ።»

ኢሌንጋ መርፌዎቹን ከአፉ አወጣ። «ማማ፣ እኔ አመጣዋለሁ» አለ።

ያን ጊዜ ክንዱን ቆነጠጥኩት፤ ግን አንዴ አምልጦታል። ሦስት ሳምንት ቀረው።

መጀመሪያ፣ የቦኬሌ ዓይነት ነው ብሎ ከሰው አሮጌ ስፒከር ተዋሰ፤ ሁለት ሰው የሚሸከመው። የቦኬሌ የጊታር ክሮች አሮጌ ነበሩ ሲባል ሰማና አዲሶቹን ክሮቹን በዘንባባ ዘይት አሽቶ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው። ቀይ ሆኑ እንጂ አላረጁም። ጣቱም ላያቸው ላይ ይንሸራተት ጀመር። ከዚያ ድምፁ እንዲያጥር ከፍራሹ ስፖንጅ ቆርጦ ክሮቹ ስር፣ በሚታሰሩበት ጫፍ በኩል ከተተ። አሁን ድምፁ አጠረ፤ ግን ታፈነ። የሰው አፍ ይዘህ ዝፈን እንደማለት ነው።

ዳቦ ሻጯ በዚያ ስታልፍ፣ «ያያ ኢሌንጋ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ጊታሩ ጉንፋን ያዘው እንዴ?» አለች።

«ሂጂ፣ ዳቦሽን ሽጪ።»

«ፍራሽህንስ በልተህ ጨረስከው? ሚስትህ የት ልትተኛ ነው?»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄአለሁ፣ አልዋሽም። ማታ ግን ቤቱ ሄጄ መከርኩት። «ስማ፣ የሰውየው ድምፅ ያለው ጣቱ ላይ ነው። በአውራ ጣትህ ምታ፣ በሥጋው፣ ጥፍርህን ቁረጥ» አልኩት። ይህን የመከርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ዛሬ ቢክድም! በአውራ ጣት ሲመታው ግማሽ መንገድ ተጠጋ። ግማሹ ግን እምቢ አለ።

ሁለት ቀን ሲቀረው ኢሌንጋ ሞሰብ ሙሉ እፍረት ተሸክሞ ማማ ኤየንጋ ቤት ሄደ። እኔም ተከተልኩት። ማማ ቦሉምቡም እዚያ ነበረች፣ ለድግሱ ዓሣ ልታጥብ መጥታ። ሁለቱ ሴቶች ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የሚሠሩት።

«ማማ፣ አቃተኝ» አለ ኢሌንጋ። «ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ማማ ኤየንጋ አየችው። ከዚያ አልጋ ስር ገብታ የቦኬሌን የጊታር ሣጥን ጎትታ አወጣች። ጊታሩን የድሮ ባንዱ ወስዶታል፤ ባዶ ሣጥን ነው። «ከሞተ ጀምሮ አልከፈትኩትም። ከረዳህ እይ» አለችው።

ኢሌንጋ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ኪስ ሲከፍት፣ በአራት የታጠፈ፣ ጊታሩ ክሮች ስር ከርሞ በዝገታቸው የጠቆረ የጨርቅ ቁራጭ አገኘ። ልብስ ሰፊ አይደል! በጣቱ ዳሰሰው፣ አሸተተው፣ ሳቀ። «ስፖንጅ ስል ከርሜ! ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ይዤ እየዋልኩ! የሊፑታ ጫፍ እኮ ነው ይሄ» አለ። ሊፑታ ሴቶቻችን የሚያሸርጡት ስድስት ያርድ ጨርቅ ነው።

ማማ ኤየንጋ ቁራጩን ቀማችው። ቢጫ ወፍ ነበረበት።

«ይሄ የእኔ ነው! የሠርጌ ሊፑታ!»

ማማ ቦሉምቡ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «በይ አሁን ንገሪያቸው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የዚያ ሊፑታ ጫፉ ተቆርጦ ተገኘ። ቤት ውስጥ የነበረችው ቦሉምቡ ብቻ ናት። ኤየንጋ ሌባ አለቻት፤ አዲስ ስድስት ያርድ አስከፈለቻት። ቦሉምቡ አንድ ወር ሙሉ የጨው ዓሣ ሸጣ ከፈለች። ጫፉን የቆረጠው ቦኬሌ ይህን እያየ ዝም አለ፤ ለድምፁ ሲል እህቱን ሸጣት! ጥሩ ሙዚቀኛ ሁሉ ትንሽ እንዲህ ነው፣ ከእኔ በቀር።

ቅዳሜ ኢሌንጋ ያንን ቁራጭ ክሮቹ ስር ከተተው። ስፖንጅ ክሩን ያንቀዋል፣ ጨርቅ ግን ትንፋሽ ይሰጠዋል። በአውራ ጣቱ ሥጋ መታ። ዱም!

ማማ ኤየንጋ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ «መጣ» አለች። «ተጫወቱ።»

እኔም ከበሮዬን አነሳሁ፤ ያን ቀን እንዴት እንደመታሁ ሰፈሩን ጠይቁ።

በእኛ ወግ የሚስትን ጥቁር የምታወልቅላት የባል እህት ናት። ማማ ቦሉምቡ ተነስታ ሄደች። ማማ ኤየንጋ ግን ከመወለቁ በፊት አዲስ ስድስት ያርድ ሊፑታ፣ ገና ከነወረቀቱ፣ ዘረጋችላት።

«እህቴ፣ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቻለሁ» አለቻት።

ቦሉምቡ ጨርቁን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ወደ ቤዙ ዞረች። «ኢሌንጋ! ነገ መቀስህን ይዘህ ና፣ ይሄን ለሁለታችን እኩል ትቆርጠዋለህ!» አለች። ጥቁሩንም ከኤየንጋ ትከሻ ላይ እየፈታች፣

«ሦስቱን ያርድ ተቀብያለሁ፣ ሦስቱን ምሬሻለሁ» አለቻት።