ቀድሞ የደረሰው ማሽላ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ረዳት መምህር የጥናት ዕቅዱን ይዞ ወልድያ ወዳለው ቢሮዬ መጣ። ሐራ ላይ ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዝርያ ሊሞክር ነው። ሠንጠረዡ ያማረ፣ ስሌቱ የተጣራ ነበር። ኅዳጉ ላይ አንዲት ጥያቄ ጻፍሁለት፦ «ወፉን ማን ይጠብቃል?» ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። የእኔ ሐሳብ ግን ከብዙ ዓመት በፊት ጥናቴን የሠራሁባት ግራና ከተማ ደርሶ ነበር።

ያኔ ጀማሪ መምህር ነበርሁ። የሁለተኛ ዲግሪዬ ተስፋ በሙሉ ያረፈው ሸህ ሰይድ የሚባሉ ገበሬ ከማሳቸው ቆርሰው በሰጡኝ ቦታ ላይ ነው፤ ምርቱን ካልመዘንሁ የመመረቂያ ጽሑፍ የለም። ለሙከራ የዘራሁት ማሽላ ከአገሬው ሁሉ ቀድሞ ሲደርስ ኩራቴን መያዝ አቃተኝና ተማሪዎቼን አስከትዬ ወረድሁ። ወሩ መስከረም ይሁን ጥቅምት እርግጠኛ አይደለሁም። መንገድ ላይ መርሳ ከተማ ወርደን የበላነው ፓፓያ ጣዕሙ ግን ዛሬም አፌ ውስጥ አለ።

ማሳው ላይ ስንደርስ ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ሰፍሮበታል። ሸህ ሰይድ ማማው ላይ ቆመው ወንጭፍ ያዞራሉ።

«አስተማሪው፣ እንግዶች ቀድመውህ ገብተዋል» አሉኝ።

«የጎረቤቱን ማሳ ለምን አልነኩትም?»

«እሱ ገና እሸት እንኳ አልሆነም። የደረሰው ያንተ ብቻ ነው፤ ያገሩ ወፍ የት ይሂድ? እኛ ባንድ ሰሞን የምንዘራው ወፉ ለሁላችን እንዲዳረስ እኮ ነው።»

«ታዲያ ስዘራ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? ማሳ ልትለካ ገመድ ስትዘረጋ ነበር የከረምኸው።»

ተማሪዎቼ በሳቅ ፈረሱ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«አብሽር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጆቹን ወዲህ ስደዳቸው።»

ሦስት ቀን፣ ምናልባትም አራት፣ በየተራ ማማ ላይ ወጣን። ወንጭፍ ማዞር የማያውቀው ጣሳ ደበደበ፤ ከአምባሰል የመጣች አንዲት ተማሪ ጩኸቷን ዜማ ስታደርገው ሸህ ሰይድ «ወላሂ፣ በዚህ ድምፅ ወፉ ጭራሽ ይሰበሰባል» ብለው ቀለዱባት። ትዝታዬ ካላጋነነው የምርቱን ግማሽ አትርፈናል። ለመመረቅ ግን ያበቃኝ የጠፋው ግማሽ ነው፤ ፈታኞቼ ደጋግመው የጠየቁኝ ስለ ወፉ የጻፍሁትን ምዕራፍ ነበርና። ከዚያ ወዲህ የሰብል ሙከራን ማሳ ሳልወርድ አስተምሬ አላውቅም።

ትናንት ወጣቱ ተመልሶ መጣ። ጫማው አቧራ ለብሷል።

«መምህር፣ ሐራ ወርጄ ገበሬዎቹን ጠየቅኋቸው።»

«ምን አሉህ?»

«መጀመሪያ ሳቁብኝ። ከዚያ ሲያስረዱኝ እስከ ማታ አለቀቁኝም።»

ወንበር ሳብሁለት። «በል ተቀመጥ» አልሁት፤ «ጥናትህ ተጀምሯል።»