በማንጎ ቢላዋ የተቆረጠው ልቦለድ

ዛሬ ጠዋት ኮብልስቶን የሚያነጥፉት ሠራተኞች ከማስተምርበት ክፍል ሥር የቀረችውን ሳር በአካፋ ሲገለብጧት፣ እርጥብ ሽታዋ በመስኮት ገብቶ ጠመኔዬን እንደያዝኩ አስቀረኝ። ተማሪዎቼ ትምህርቱ የጠፋኝ መሰላቸው፤ እኔ ግን የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት ውስጥ ነበርኩ።

ያኔ በዚሁ አርባ ምንጭ፣ በዚሁ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩን ቲቸር ዘለቀ የሚባሉ የጨንቻ ሰው ነበሩ። እንቁላል በሚቀቅለው ሙቀታችን ክራቫታቸውን ሳያላሉ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፈ፣ ለትራስ የሚበቃ የእንግሊዝ ልቦለድ ይዘው መጡ። መጽሐፉ አንድ፣ እኛ የሰርግ እድምተኛ የምናህል። ቲቸር ወዲያ ወዲህ አላሉም፤ የጫኖ ማንጎ የሚልጡበትን ቢላዋ ከቦርሳቸው አውጥተው መጽሐፉን እንደ ሙክት ብልት በብልት ቆራርጠው ለየዶርማችን አከፋፈሉን። "ስትጨርሱ ትቀያየራላችሁ" አሉን። ማን ይቀያየር! ሁሉም ቁራጩን እንደ አባቱ ርስት ታቅፎ ተኛ።

ለእኛ ዶርም የደረሰን መጀመሪያው ነው። በእኛ ቁራጭ የልቦለዱ ዋና ሰው፣ ባላባቱ፣ መልአክ ነው፤ ወላጅ አልባዋን ልጅ ከበረዶ ላይ አንሥቶ፣ አስተምሮ ያገባታል። የምዕራብ ዓባያው ታምራት፣ ሲስቅ የጫሞ አዞዎች ዘወር ብለው የሚያዩት የአልጋ ጎረቤቴ፣ ሰውዬውን ከመውደዱ የተነሣ ፀጉሩን እንደ እሱ ወደ ጎን ያበጥር ጀመር። መጨረሻው የደረሳቸው እነደስታ ናቸው። በእነሱ ቁራጭ ያው ባላባት ሚስቱን ምድር ቤት ቆልፎ በፈረስ አለንጋ ይገርፋታል። ደስታ ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ በዚያው ሰሞን እህቱን ባሏ ክንዷን ሰብሮ ወደ እናቷ ቤት እንደሰደዳት ለማንም አልነገረም።

የውይይቱ ቀን ታምራት ተነሥቶ፣ "እንዲህ ያለውን ባል ለሴት ሁሉ ያድል!" አለ።

"ሚስቱን የሚገርፈውን?" አለ ደስታ።

ታምራት በዚያ ሳቁ፣ "ቢገርፋትስ፣ አጥፍታ ይሆናላ!" አለው።

ሳቁን አልጨረሰም። ደስታ ወንበር አንሥቶ ፊቱ ላይ ሰበረበት፤ ደሙ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተረጨ። እኔ ጠረጴዛ ሥር ስገባ ሦስት ጀግኖች ቀድመውኝ ቦታ ይዘዋል። ጠቡ ወደ ግቢው ሲወጣ ዶርም ከዶርም ተጠራራ፤ የአልጋ ብረት ተነቀለ፣ ድንጋይ እንደ በረዶ ወረደ፣ ከእኛ ብሰው የማያውቁ ዝንጀሮዎች እንኳ ዛፋቸውን ጥለውልን ሸሹ። ታምራት ቅንድቡ ተተርትሮ ከክፍላችን ሥር ካለው ቧንቧ አጠገብ ወድቋል። ደስታ ብረቱን ከራሱ በላይ አንሥቶ ቆሞበታል፤ አንዴ ቢያወርደው ታምራት አይነሣም ነበር።

በዚህ መሐል ቲቸር ያንኑ ቢላዋ ይዘው እየሮጡ መጡ። ቀሪዎቻችንን ሊያርዱን ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቧንቧው ሥር ያለውን ሳር ጨብጠው አጨዱና፣ ቢላዋውን ወርውረው፣ ሳሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ክራቫታቸው ጭቃ እየነካ በሁለቱ መሐል ተንበረከኩ።

የጋሞ ልጆች እጅ ላይ የነበረ ድንጋይ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደቀ። ድንጋዩን እንዳነሣ የቀረ አንድ የጎጃም ልጅ፣ "ምን ጠፍቷቸው ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"ዝም በል!" አለው አጠገቡ ያለው የጨንቻ ልጅ። "እኛ አገር ትልቅ ሰው እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ አልፎት የሚማታ የለም። ጣለው!"

ጣለው፤ የገዛ እግሩ ላይ።

ደስታ ግን አልጣለም። ቲቸር ቀና ብለው፣ "ደስታዬ፣ መጽሐፉን የቆራረጥኩት እኔ ነኝ። ይሄ ልጅ ያንተን ገጽ አላየውም" አሉት።

"እህቴን ቲቸር..." አለ። ብረቱን ጥሎ ሳሩን ከቲቸር እጅ ተቀበለ፤ እዚያው ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"አላየሁም ወንድሜ" አለ ታምራት፣ ደም እየተፋ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሳሩ ላይ ክብ ሠርተን፣ እያንዳንዱ ዶርም ቁራጩን በተራ እያነበበ ልቦለዱን ጨረስነው። ደስታ የመጨረሻውን ሲያነብ፣ ፋሻ የተጠመጠመው ታምራት ምራቁን መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ፀጉሩን ወደ ኋላ መለሰው።

ቲቸር ካረፉ ቆዩ። ልቦለዱን ዛሬ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ሙሉውን በስልካቸው ይዘውታል፣ ባላባቱ አለንጋውን ሲያነሣም ያዛጋሉ። ባለፈው ሳምንት ግን ሁለቱ በቻርጀር ተጣልተው በድንጋይ ሲፈነካከቱ ሌሎቹ ከብበው ይቀርጹ ነበር። ይህን ቦርጬን እየገፋሁ ወርጄ፣ ከዚያችው ሳር ነጭቼ ተንበረከክሁ። ካሜራው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ሳቁብኝ፤ ድንጋዩ ግን ወደቀ።

አሁን በመስኮት ሳይ ሠራተኞቹ ጨርሰዋል፤ ግቢው ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ሆኗል። ልጆቹ ነገ ቢጣሉ ለመንበርከክ ጉልበቱ አለኝ፤ ምን ይዤ እንደምንበረከክ ግን እንጃ። ድንጋይ ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።