በአጥሩ ላይ የወረወርኩት መዥገር

ባለፈው ሳምንት አዲሷ ምራቴ ላሟን ስታልብ ከጡቷ ሥር አንድ መዥገር ነቀለች። ደም ጠግቦ የባቄላ ፍሬ አክሏል። ዘወር ብላ እንኳ ሳታይ በአጥሩ ላይ ወረወረችው። እኔ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ጎመኑን ጥዬ ጮህኩባት።

«ምን ሆኑ እማማ? መዥገር እኮ ነው!» አለችኝ።

«መዥገርነቱንማ አየሁት! ከአጥሩ ወዲያ ያለው ግቢስ የማን ነው?»

ማለቧን ቀጠለች። አሮጊቷ ነገር መፈለግ ጀመረች ብላ ይሆናል። ነገር መፈለግ የጀመርኩት በእርጅናዬ እንዳልሆነ ግን ደብረ ኤልያስ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ሊነግራት ይችላል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ደርግ ከወደቀ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከባሌ ጋር ተፋትቼ ንብረት ስንካፈል በሬው ለእሱ፣ ሻሼ የምትባለው ላም ለእኔ ደረሰች። ግንቦት ላይ ከዓባይ ቆላ ሁለት ቀን ሙሉ ነዳኋት። ቆላው እንደ ምድጃ አፍ ይፋጃል፤ ዳገቱን ጨርሰን ደጋው ላይ ስንወጣ ግን ነፋሱ እርጥብ አፈር አፈር ይሸት ነበር። ስንቄ ሽምብራ ቆሎ ነበር። ግማሹን በላሁ፣ ግማሹን ለእሷ ሰጠኋት። ከእሷ ሌላ ምንም አልነበረኝምና።

የገባሁት ሟች እናቴ ቤት ነው። ከአጥሩ ወዲያ እናንዬ ትኖራለች፤ በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። ልጅ ሆኜ እትዬ እላት ነበር። በተመለስኩ በሳምንቱ ግን ከምንጭ ስንመለስ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ባል ያልቻላትን እኛ እንድንችላት መጣች» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ማለቴን ተውኩ።

ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሻሼን ሳልብ መዥገሯን አንድ በአንድ እለቅም ነበር። ጆሮዋን፣ ብብቷን፣ ጭራዋ ሥር እዳስሳለሁ። የነቀልኩትን በትከሻዬ አሻግሬ እወረውራለሁ፤ እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። በንጽሕናዬ እኮራ ነበር። ቆዳዋ እንደ ሐር ሆነ። አሬራዋን ከትኩስ ቂጣ ጋር ስጠጣ ንግሥት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

በእኛ አገር መስኩ ክረምቱን ተከልሎ ይቆይና መስቀል ካለፈ በኋላ ለሁሉም ከብት በአንድ ቀን ይከፈታል። በዚያ ዓመት ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ከእናንዬ ሁለት ጥጆች አንዱ ሞተ። ጆሮው በመዥገር ተሞልቶ ጥሬ ሥጋ መስሎ ነበር። እናንዬ ቀጥታ ወደ መስኩ አለቃ ወደ አያ ደሴ ሄደች። መዥገሩን ያመጣችው የቆላዋ ላም ናት አለች። ሽማግሎቹም እኔን ሳይጠሩ ሻሼ መስክ እንዳትገባ ፈረዱ።

መስክ ከተከለከለች ደግሞ ጥር ሳይደርስ አጥንቷ ነበር የሚወጣው። ከዚያ በኋላ መሸጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ እኔ የሰው ቤት እንጀራ ጋጋሪ መሆን ነው።

«በምን ታወቀ?» አልኩ አያ ደሴ ዘንድ ሄጄ።

እዚያው የነበረችው እናንዬ ሳቀች። «ስሟት፣ የስድስተኛ ክፍል ምሁሯን! መዥገሩ ስሙን ይናገር እንዴ?»

በዚያ ሰሞን ከደብረ ማርቆስ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥቶ ነበር። ቦት ጫማ አድርጎ፣ በወረንጦ መዥገር እየነቀለ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይከታል። አገሩ ሁሉ ይስቅበታል። «መንግሥት ለመዥገርም ደመወዝ ይከፍላል?» ይሉታል። እኔ አልሳቅሁም። ክንዱን ይዤ አያ ደሴ ፊት አቆምኩትና የሁለታችን ላሞች መዥገር ይቆጠር አልኩ።

«የአንዱን ጎን ቆጥረን በሁለት እናባዛለን። አሠራሩ እንደዚህ ነው» አለ ባለሙያው።

«በግማሽ ጎን አይፈረድም! ሌላውም ጎን የላሚቱ ነው» አልኩት።

አያ ደሴ ሳቃቸውን በዝንብ መከላከያ ጭራቸው ሸፈኑ። ሁለቱም ጎን ተቆጠረ። ሻሼ በግራዋ ሦስት፣ በቀኟ አራት። የእናንዬ ላም ቆጠራ በአንድ ጎኗ ብቻ ሰማንያ ላይ ሲደርስ እናንዬ፣ «ይበቃል» አለች።

«አይበቃም፤ ሌላም ጎን አላት» አልኳት።

ሲጨርሱ፣ ፍርዱ ለሁሉም እኩል ይሁን ብዬ ቆምኩ። ሽማግሎቹ መውጫ አጡ። መስኩ ሲከፈት ሻሼ ገባች፤ የእናንዬ ላምና የተረፈው ጥጃዋ ደጅ ታስረው ቀሩ። ጥጃው ሌሎቹን እያየ ሲጮህ ሰማሁት። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ባለሙያው ሊሄድ ሲል ቤቴ መጣ። «ላምሽን በምን አጸዳሻት?»

«በእጄ እየነቀልኩ።»

«የነቀልሽውን የት ትጥያለሽ?»

በአገጬ አጥሩን አሳየሁት። ከቦርሳው ነጭ ጨርቅ አወጣና እናንዬ ወንዝ ወርዳ ስለነበር በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ሣሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ጎተተው። ሲመለስ ጨርቁ ቀይ ጤፍ የተነሰነሰበት መሰለ። ጠጋ ብዬ ሳይ ጤፉ ይሄዳል። ሁሉም እግር አለው።

«የጠገበችዋ መዥገር ስትወድቅ አትሞትም። ሣር ውስጥ ገብታ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ሲፈለፈሉ ሣሩ ጫፍ ላይ ወጥተው ከብት ይጠብቃሉ። አንች ላምሽን አጽድተሻል፤ መዥገሩን ግን እዚያ ዘርተሽዋል» አለኝ።

እናንዬ ትክክል ነበረች። ይህን ስጽፍ ዛሬም ጥርሴን ያፋጨኛል።

እሱ በማግስቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ይመለሳል። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሻሼ መስክ ላይ ናት፤ አፌን ብዘጋ እዚያው ትቆያለች። ሦስት ቀን አፌን ዘጋሁ። ያ ጥጃ ግን ዝም አላለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ሳለ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። እናንዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ሰማችኝ።

«ልታረቅሽ አልመጣሁም። ስለ ምንጩ ንግግርሽ ዛሬም እጠላሻለሁ። ጥጃሽን የገደልኩት ግን እኔ ነኝ» አልኳት።

«ማን ታረቂኝ አለሽ?» አለች። «እኔም እጠላሻለሁ።»

ቄሱ ሊያስታርቁን መስቀላቸውን አወጡ። ሁለታችንም መስቀሉን ተሳለምን፣ ሁለታችንም እምቢ አልን። ፍርዱ ግን ተፈረደ። በአጥሩ ዳር ያለው ሣር ታጭዶ ይቃጠል፤ ሁለቱም ላሞች እስኪጸዱ ይታሰሩ፤ ለእሷም ከብቶች ሣር የማጭደው እኔ ልሁን ተባለ። እስከ ታኅሣሥ አጨድኩ። በእያንዳንዱ ሸክም፣ መዥገር ይዤ እንዳልገባ፣ «እጅሽን አራግፊ» ትለኝ ነበር። አራግፍ ነበር።

ባለሙያው እንዳስተማረኝ የነቀልኩትን ላምባ ያለበት ጣሳ ውስጥ መክተት ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ጣሳውን በአጥሩ ላይ ከፍ አደርጋለሁ፤ እናንዬ መጥታ አይታ ትመለሳለች። እሷም የራሷን ታሳየኛለች። እንደዚሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ነው። በሠርግም በለቅሶም አንድ ማዕድ ላይ አልተቀመጥንም።

ለዚህ ነው ምራቴ ላይ የጮህኩት። በትሬን ይዤ በአጥሩ ዙሪያ ሄድኩ። እናንዬ ደጇ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ጉልበቷ ከድቷታል፣ ዓይኗ ግን የድሮው ነው።

«ምራቴ መዥገር ወርውራብሻለች» አልኳት።

«አይቻለሁ። እስክትመጭ ነበር የምጠብቀው» አለችና ከወንበሯ ሥር ጣሳዋን አውጥታ ሰጠችኝ። ባቄላ የሚያህለው መዥገር ላምባው ላይ ሰጥሞ ተኝቷል።

«አንድ ብቻ ናት?»

«አንድ ናት። እኔ በሰው ላይ ቁጥር አልጨምርም።»

ጣሳውን መልሼላት ወጣሁ። ደህና ዋይ አላልኳትም፤ እሷም አላለችኝም። እናንዬን እስከ ዛሬ አልወዳትም። ነገር ግን ስመለስ ያ ጉልበቷ ትዝ አለኝና፣ አንድ ጠዋት ጣሳዬን ከፍ ሳደርግ የሚመጣ ባይኖርስ ብዬ መንገዱ መሃል ቆምኩ።