ከጀርባው የተከፈተ ካናቴራ

ዛሬ ታሞ እጁን ማንሳት ያቃተውን ጓደኛዬን የታደሰን ካናቴራ ከጀርባው ልከፍትለት ብዬ ከፊቱ ሰነጠቅኩት። እኔን መቀስ ያስያዘኝ ሰው ይጠየቅ!

ከእናቴ የወረስኩት የስፌት መኪና ዘይቱ ሲሸተኝ፣ እዚሁ ልደታ፣ አባቴ ታሞ የተኛበት ክፍል ታየኝ። እሱም እጁን ማንሳት አቅቶት ነበር። እናቴ ካናቴራውን ከጀርባው ሰንጥቃ፣ ጨርቁ ተለጥጦ እንዳይንሻፈፍ ሳትጎትተው፣ ቀስ እያለች ጠርዙን ሰፋችው።

«እማዬ፣ ደህናውን ልብስ ለምን ቀደድሽው?»

«ጠያቂ የሚያየው ከፊቱ ነው። አባትህ ለብሶ ይቀበላቸው።»

ያኔ አልገባኝም። አባቴ ግን እስከሞተበት ቀን ድረስ፣ «ግቡ፣ ደህና ነኝ» እያለ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ እንደለበሰ ተቀበለ።

ታደሰንም ነገ ሊጠይቁት ይመጣሉ። የሠራሁትን ሲያይ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ደረቴን ልታሰጣው ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እስከ ነገ አንድ ካናቴራ አለብኝ።